ጓንግ ሲሞላ የነበረን ደሴት

ሐጂ ኢድሪስ መሞታቸውን የሰማሁት ሽሮ ሊበላ ከገባ የሚኒባስ ረዳት ነው። ከመተማ ዮሐንስ መንገደኛ ጭኖ ሸሕዲ መድረሱ ነበር። እጁን እየታጠበ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ያ ባለአህያው ሽማግሌ፣ ሐጂው፣ ትናንት ተቀበሩ እኮ» አለኝ፤ ሽንኩርት ተወደደ እንደሚል ሰው። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሽሮው አረረ። ደንበኞቼ ያን ቀን ያረረ ሽሮ በሉ፤ ማንም አላማረረም። ፊቴን አይተው ይሆናል።

ጓሮ ቆሜ መጀመሪያ የመጣብኝ መልካቸው አይደለም፤ እግራቸው ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ውሃ ውስጥ የነከሩት ቀጫጭን እግራቸው። «ሙሉ፣ ነይ እግርሽን ንከሪ፤ ኢጃዛ ላይ ነን» ሲሉኝ ሰማኋቸው። ቀጥሎ የመጣብኝ አያሌው ነው። አያሌው መርዶውን ከእኔ መስማት አለበት አልኩ። ስልክ ቁጥሩ አለኝ፤ ግን ቶሎ አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ እንዲገባችሁ ስለ ደሴታችን ማውራት ይኖርብኛል።

«ሐጂ» የሚሏቸው ሌሎች እንጂ እሳቸው አይደሉም። «እኔ ሐጅ የሄድኩ ሳልሆን የሐጃጆችን ሻንጣ መርከብ ላይ ያወጣሁ ነኝ» እያሉ ይስቁ ነበር። በወጣትነታቸው ሱዳን ተሻግረው ቀይ ባሕር ዳር ወደብ ላይ በሸክም ኖረዋል። በኋላ ኻዋጃዎችን፣ ፈረንጆችን ማለት ነው፣ ወደ አንድ ደሴት በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኑ። ከባሕሩ መሀል ተራራ የቆመበት ደሴት ነው ይላሉ። የማን አገር ነው ሲባሉ አንዴ የየመን ነው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የማንም አይደለም ይላሉ። እኔ አንዳንዴ ደሴቱ ጭራሽ መኖሩን እጠራጠር ነበር። ሲተርኩት ግን ዓይናቸው ውሃ ውሃ ይላል፤ ለውሸት እንደዚያ አይሆንም።

እኔ ባወቅኋቸው ጊዜ አርጅተው፣ ወደ መተማ ተመልሰው፣ ሱልጣን በሚሏት አህያቸው ስኳር፣ ሳሙና፣ ምላጭ፣ የባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ ጭነው ከእርሻ እርሻ ይዞሩ ነበር። እንስት አህያ ሱልጣን ትባላለች ወይ ብትሏቸው፣ «ሥልጣኑ ያለው ማን ዘንድ ሆነና!» ይሏችኋል። እኔ ደግሞ ከጓንግ ወንዝ ዳር ባለ የሰሊጥ እርሻ የአራሚዎች ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አራሚዎቹ ከጎጃም የወረዱ ናቸው። ካምፓችን ጀበል ከሚባል ኮረብታ ሥር ነው። ጀበል በሱዳኖቹ አፍ ተራራ ማለት ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ተራራ ስለሌለ ስሙ አልበዛበትም። ከፊታችን ጓንግ አለ፤ ከኋላችን ኾር የሚሉት፣ በበጋ ፍየል የሚውልበት ደረቅ ቦይ።

ያን ዓመት ሐምሌ ዝናቡ አልጠግብ አለ። ጓንግ ሞላ። ፍየል ይውልበት የነበረው ኾር ዛፍ እየነቀለ መጣ። ዋልካው አፈር ገንፎ ሆኖ ትራክተሩ ከማዶ ቀረ። ሸራችን ውስጥ ውሃ ሲገባ ማሽላ ዱቄቱን ተሸክመን ወደ ጀበሉ ወገብ ወጣን። ሐጂም ሸቀጣቸውን ሸጠው ሊመለሱ ሲሉ ተቆለፈባቸው። ሲነጋ ወጥተን ብናይ ግራ ቀኛችን፣ ፊት ኋላችን ውሃ ነው። ሐጂ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጥለው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ።

«ወላሂ፣ እሱ ራሱ ነው!» አሉ።

«ማን?» አልኳቸው።

«ደሴቱ ነዋ። ኻዋጃ እዚህ ለመድረስ ስንት ይከፍላል መሰለሽ?»

እብደት መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ለአያሌው መሆኑ ገባኝ።

አያሌው ከአራሚዎቹ ሁሉ ቀልደኛው፣ ጉረኛውም እሱ ነው። ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቱ አርግዛ ነበር የወረደው። ውሃው ከመሙላቱ በፊት ጌታነህ የሚባል የመንደሩ ልጅ ካምፓችን ደርሶ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሚስትህ ወልዳለች!» አለው።

«ምን ወለደች?»

«እሱንስ እንጃ። እልልታውን ሰምቸዋለሁ። መኪና ሊያመልጠኝ ስሮጥ ሳልቆጥረው ቀረሁ።»

እነሱ አገር ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ጌታነህ አለመቁጠሩ ሳያንስ በቀጥታም አልመጣም፤ መንገድ ላይ ባገኘው እርሻ ሁሉ ሲያርም ነው የቆየው። ስለዚህ ልጁ ወንድ ከሆነ አርባ ቀኑ ደርሷል፤ ክርስትና ሊነሣ ነው። ሴት ከሆነች ግን ክርስትናዋ በሰማንያ ነውና ገና ጊዜ አለ። አያሌው ያልተቆጠረው እልልታ እንቅልፍ ነሣው። «የመጀመሪያ ልጀ ያለ እኔ ክርስትና ሊነሣ? ዓባይን በዋና የተሻገርሁ ሰው ይችን ጭቃ ውሃ ልፈራ?» ይላል። በዚያ ሰሞን ከጎረቤት እርሻ አንድ ሠራተኛ እንዲሁ ብሎ ወንዙ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ አያሌውም ያውቃል።

ሐጂ አልተቆጡትም። «ልጄ፣ ወንዙ ቸኩሏል። አንተም ከቸኮልህ ማን ይዘገያል?» አሉት።

«እሱ ወንዝ ነው፤ እኔ አባት ነኝ» አላቸው።

«አባት ከሆንህማ እስኪጎድል ኢጃዛ ውሰድ።»

ኢጃዛ ሥራ ትቶ ማረፍ መሆኑን ሐጂ አስረዱ። ኻዋጃው ከአገሩ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተራራ ያለበት ደሴት ሄዶ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል አሉ። አራሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጌታነህ ቆቡን አውልቆ፣ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማን ታቦት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለእነሱ እጅ አጣጥፎ መዋል ያለ ታቦት ነውር ነው። ሐጂ ግን ከክርስቲያን ጋር ሲነግዱ ኖረው የወሩን ቀን ሁሉ ከቄስ እኩል ያውቁታል።

«ዛሬ ሃያ ሦስት አይደል? ጊዮርጊስ ነው። ነገ ተክለ ሃይማኖት። ዝም ብላችሁ ብትቆጥሩ መድኃኔ ዓለምም መንገድ ላይ ነው። እናንተ ጀመዓ፣ ወላሂ የምትሠሩበትን ቀን ነው እኔ ያጣሁት!»

ሳቁ። እንግዲህ ኢጃዛው እንዲህ ተጀመረ።

ጧት ጧት ተራራ መውጣት ነበር። «ወጥተን ምን ልናወርድ ነው?» አሉ መጀመሪያ ቀን። «ምንም» አሉ ሐጂ። «ታዲያ ለምን እንወጣለን?» «ለማየት።» እያጉረመረሙ ወጡ፤ እኔም ጉድ ልይ ብዬ ተከተልኩ። በሽመሉና በእጣን ዛፉ መሀል ጉም ተኝቶ ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከሥራችን ቀረ። ወደ ምዕራብ የሱዳን ሜዳ ማለቂያ የለውም፤ ወደ ምሥራቅ የደጋው ተራራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ከታች ውሃው ጭጋግ ለብሶ የሚፈስ አይመስልም፤ ቆሞ እኛ የምንሄድ ይመስላል። እኔ ስንት ክረምት ከዚያ ኮረብታ ሥር ስፈጭና ሳቦካ አንድ ቀን ቀና ብዬ ጫፉን አላየሁትም ነበር። ከፍ ብሎ አገሩን ሲያዩት ሰው ለራሱ ያዝናል መሰለኝ።

ቀን ቀን እግር መንከር ነው። ዳር ላይ፣ ውሃው በማይጎትትበት ድንጋያማ ቦታ፣ ሐጂ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ከርከዴ የሚሉትን የሱዳኖቹን የአበባ ሻይ አፍልተው ቀይ በቀይ ሆኖ በጣሳ ያድሉናል። ጌታነህ መንጠቆ ሠርቶ አምባዛ ያጠምዳል። አንዱ ከሽመሉ ዋሽንት በስቶ ያለ ዜማ ሲነፋ ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን ዜማው መጣለት። ከሰዓት መተኛት ግዴታ ነበር። ቀን መተኛት አቅቷቸው የሚገላበጡትን ሐጂ፣ «ዓይንህን ጨፍን፤ ኻዋጃው በብር የገዛውን አንተ በነፃ እንቢ ትላለህ?» ብለው ይቆጣሉ። ማታ ፀሐይ ስትገባ ተደርድሮ ማየት ነው። መጀመሪያ፣ «ስትገባ ማየት ምን ይሠራል፣ ነገ አትወጣም እንዴ?» ተባለ። በኋላ ግን ሳይጠሩ መጥተው ይቀመጣሉ። ቦታ የሚያስይዝም ነበር። ፀሐይዋ ጓንግ ላይ ስትወድቅ ሐጂ ወደ ሶላታቸው ይነሣሉ፤ ጎጃሜዎቹ ያማትባሉ፤ እኔ ድስቴን አማስላለሁ። ያ ሁሉ ዛሬ ሳስበው ሕልም ይመስለኛል። ዱቄቱ እያለቀ ነበር፤ ወይካ፣ የደረቀ ባሚያ ማለት ነው፣ በጨው ብቻ የበላንበት ቀን አለ፤ ግን ርሃቡን አላስታውሰውም።

አያሌው ብቻ ኢጃዛውን አልወሰደም። ከውሃው ዳር ዱላ ተክሎ ጎደለ አልጎደለ እያለ ይመላለሳል። ዱላው በየጧቱ ጠፍቶ ያድራል። አንድ ቀን ፀሐይ ልናይ በተቀመጥንበት ተነሥቶ ሐጂ ፊት ቆመ። የሐጂ ስልክ የሱዳን ካርድ ስላላት ጀበሉ ጫፍ ላይ ከማዶዋ የሱዳን ከተማ ከጋላባት በኩል መስመር ትይዛለች፤ ባትሪዋ ግን ለአንድ ጥሪ ቢበቃ ነው። የመንደሩን ባለሱቅ ቁጥር ሰጣቸው።

«ሐጂ፣ ነገ ጧት ይደውሉልኝ። ሴት ከሆነች ከእርስዎ ጋር እግሬን እነክራለሁ። ወንድ ከሆነ ግን ነገውኑ ውሃው ውስጥ እገባለሁ። ይች ጀምበር ምስክሬ ናት!» አለ። በሰው ሁሉ ፊት ማለ። ዋሽንቱ ቆመ። እኔ ሐጂን አየኋቸው። ቁጥሩን ኪሳቸው ከተው ፀሐይዋን ማየታቸውን ቀጠሉ።

በማግሥቱ ሐጂ ገና ጉም ሳይነሣ ብቻቸውን ወጡ። እኔ እሳት ለማያያዝ እርጥብ እንጨት ስነፋ በጢሱ ዓይኔ ጠፋ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ቆይተን ሐጂ ከጉሙ ውስጥ ወጡ፤ ጀርባቸው ላይ የታሰረ ደረቅ እንጨት ተሸክመው። እኚያ ጀሪካን እንኳ ለሱልጣን የሚተዉ ሰው! ምድጃዬ አጠገብ ጣሉት።

«ቆርጠው ነው?» አልኳቸው።

«ታስሮ አገኘሁት። ጌታው ቸኩሎ ነበር መሰለኝ» አሉኝና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። አያሌው ከፊት ቆሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሷል፤ ያለከልካል። ጭንቀት ነው አልኩ። ሐጂ ቀጥ ብለው ዓይኑን አዩትና፣ «መብሩክ ልጄ! ሴት ናት!» አሉ።

አያሌው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ጌታነህ እየደባበሰው፣ «አይዞህ ወንድም ዓለም፣ ሴትም ልጅ ናት» ይለዋል። እኔ ደሜ ፈላ። «ምነው? ወንድ ባትሆን መሬት ትገባለህ? እናትህ ምን ነበረች?» ብዬ ጮህኩበት። ፊቱን ከፎጣው አላወጣም።

ሐጂ ለአራስ ቤቱ ደስታ ገንፎ አገንፊ አሉኝ። በመጨረሻው ዱቄት፣ በሰሊጥ ዘይት፣ እሳቸው ባመጡት ደረቅ እንጨት አገነፋሁ። ሳማስል መጥተው ጎኔ ተቀመጡ። «ሙሉ፣ ለሰው እንዳታወሪ። ወንድ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቅዳሜ ክርስትና ይነሣል።»

«ሐጂ! ሰው ልጁን ከዘመን በኋላ አግኝቶ ክርስትናውን ያስቀሩታል? ነገ ሲያውቅ ምን ሊልዎት ነው?»

«ይርገመኛ። ለመራገምም እኮ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።» እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱ። «ክርስትና ያለ አባት ይነሣል ሙሉ። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።»

ቅዳሜ አለፈ። ያን ቀን አያሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐጂ ጎን ተቀምጦ እግሩን ነከረ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ቀትር ተቀመጡ፤ ከርከዴያቸው ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። ከዚያ ሰሞን በኋላ ዝናቡ ተነፈሰ፣ ዱላዎቹ ተራ በተራ ከውሃው ብቅ አሉ፣ ትራክተሩም ገመድ ይዞ ከማዶ መጣ። ሐጂ ወንዙ ዳር አያሌውን ከዕቃቸው የተረፈ ነጭ ብትን ጨርቅ አስታቀፉት። «ለሴትም ለወንድም ይሆናል» አሉት። አያሌው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አላወቀም ብዬ አዘንኩለት።

እኔ ከዚያ በኋላ ሸሕዲ ምግብ ቤት ከፈትኩ። ሐጂ ባለፉ ቁጥር ጎራ ይሉና፣ «ከደሴታችን ሰዎች ማን ደወለ?» ይሉኛል። አያሌው በየእንቁጣጣሹ ይደውልልኛል። ልጁ ወንድ መሆኑን አንድም ቀን አላነሣም፤ የሐጂንም ስም አያነሣም። ቂም ይዟል ብዬ ደመደምኩ። ለሐጂ ግን፣ «ሰላም ይልዎታል» እያልኩ ከራሴ እጨምር ነበር። በስተኋላ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ሰዉ ልጁን አዝሎ በጋላባት ሲሻገር፣ ሐጂ ኬላው አጠገብ ከሱልጣን ጋር ውሃ ሲያድሉ ይውሉ ነበር አሉ። ሕፃናቱን ሰብስበው በዐረብኛ ስለ ደሴቱ ይነግሯቸዋል፤ ጧት ተራራ መውጣት፣ ቀን እግር መንከር፣ ማታ ፀሐይ ማየት። ልጆቹ ማልቀሱን ይረሱታል አሉ። እኔን ይህ አልገረመኝም።

እንግዲህ ጓሮ ቆሜ ስልኩን ያገላበጥኩት ለዚህ ነው። አያሌው ሙት ላይ ክፉ ቢናገር አልችለውም። በመጨረሻ ደወልኩ።

«አያሌው፣ ሐጂ ኢድሪስ ዐረፉ» አልኩት።

እንደ ሴት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«እትዬ ሙሉ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም» አለኝ ድንገት።

«ዓባይን ተሻግሬያለሁ አላልህም?»

«የተሻገርሁት በመኪና ነው፤ በድልድዩ።» በለቅሶው መሀል ሳቅ ብጤ መጣበት። «ያን ጧት እንጨት ለቃሚ መስየ ተከትያቸው ወጣሁ። ከቋጥኙ ኋላ ቁሜ፣ ‹ወንድ? ወንድ ነው አልህ?› እያሉ ስልኩ ላይ ሲጮሁ ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መርዶየን ሰማሁ። በሰው ፊት ምያለሁ! ፈራሁ ብል አገሬ ምን ብየ እገባለሁ? ያሰርሁትን እንጨት እዚያው ጥየ ሮጥሁ። ወንድ ነው ካሉ እገባለሁ፤ እንደማልወጣም አውቀዋለሁ። ሴት ናት ሲሉ ጊዜ... አንችም ተቆጣሽኝ፤ ጌታነህም አጽናናኝ። እኔ ግን ነፍሴ ተመልሳልኝ ነበር የማለቅሰው።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል» አለ። «ውለታቸውን አልነገርኋቸውም። አፍሬ ስማቸውን ሳላነሣ ኖርሁ። እንዳታለሉኝ፣ እንደቀየምሁም እያሰቡ ሞቱ።»

«አያሌው» አልኩት፤ «ያ የጣልኸው እንጨት ጀበሉ ላይ የቀረ ይመስልሃል?»

«ታዲያ የት ይሄዳል?»

«እሳቸው ተሸክመው አወረዱት። ጌታው ቸኩሎ ነበር አሉኝና ዞረው አንተን አዩህ፤ መስማትህን አውቀዋል። ለልጅህ ያገነፋሁት ገንፎ በዚያ እንጨት ነው የበሰለ።»

ማዶ ድምፅ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። አልተቋረጠም። መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣ «አባየ፣ ምን ሁነህ ነው?» የሚል የወንድ ልጅ ድምፅ ሰማሁ።